ከውጭ የመጣ ብልግና

በዚያ መሥሪያ ቤት ብልግና ለብዙ ዓመታት በሰላም ሲኖር ነበር። አንድ ሠራተኛ አለቃው ላይ አፉን ሲከፍት አለቃው «ባለጌ» ይለዋል፤ ሠራተኛው «ይቅርታ» ይላል፤ ሁለቱም ምሳቸውን ይበላሉ። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ተረስቶ ሌላ ብልግና ይጀመራል። ቅጽ የሚባል ነገር አልነበረም።

ይህ ኋላ ቀር አሠራር የተቀየረው የሰው ሀብት ኃላፊው ባሕር ማዶ ለአሥራ ሁለት ቀን ሥልጠና ሄደው ሲመለሱ ነው። ሲሄዱ የያዙት አንድ ሻንጣ ነበር። ሲመለሱ ሦስት ሻንጣና አንድ መመሪያ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ «እንዴት አደሩ» ለሚላቸው ሰው እንኳ «ሥልጠናው ላይ እንዳየነው፣ ደህና ነኝ» እያሉ ስለሚመልሱ ሠራተኛው አቶ ሥልጠና የሚል ስም አወጣላቸው። ፊት ለፊት ግን ማንም አይጠራቸውም። ፊት ለፊት ከተጠሩ ቅጽ አለው።

«የእኛ ችግር» አሉ አቶ ሥልጠና ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው፣ «ለብልግና ያለን ቃል አንድ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ሰባት አለው። በአንድ ቃል ደግሞ ያደገ መሥሪያ ቤት የለም።»

ማኅተም መቺዋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ይህን ስትሰማ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ዓይን አውጣ፣ ዓይነ ደረቅ፣ ምላሰኛ፣ አፈኛ፣ ስድ፣ መረን፣ ጋጠወጥ፣ ጥጋበኛ፣ ደፋር፣ ኀፍረተ ቢስ። ጣቶቿ አለቁ። እናቷ እነዚህን ሁሉ ከቁርስ በፊት ትጨርስላት ነበር። ግን ይህን ተነሥታ ብትናገር ብልግና ይሆናል፤ ስንተኛው ብልግና እንደሚሆን ደግሞ ገና አልተነገራትም። እጇን ወደ ኪሷ መለሰች።

መመሪያው ሳይተረጎም በእንግሊዝኛው እንዳለ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አንድ ሰው ለምን እንደማይተረጎም ሲጠይቅ አቶ ሥልጠና፣ «ሲተረጎም ክብደቱ ይቀንሳል። ደግሞ ሠራተኛው ከገባው ይከራከራል» አሉ። ሁለቱም ምክንያት በቂ ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ ላይ ያለው ቺክ ነው፤ ልጅ እግር የሆነ፣ ሰውን ትንሽ ፈገግ የሚያደርግ ብልግና ነውና ቅጣቱ ምክር ብቻ ነው። ቀጥሎ ሳስ አለ፤ እሱ አንገት እየሰበቁ የሚፈጸም ሲሆን የቃል ማስጠንቀቂያ ያሰጣል። ሦስተኛው፣ ኢምፐርቲነንስ የሚባለው፣ በማያገባ ገብቶ መናገር ነው፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይታለፋል። አራተኛው ነርቭ ነው፤ ይህ የሕክምና ጉዳይ መስሏቸው ሁለት ሰዎች ክሊኒክ ሄደው ተመልሰዋል። ትርጉሙ ምንም ሳይፈሩ መናገር ነው፤ ያሳግዳል። አምስተኛው ኢንሶለንስ የበላይን መናቅ ነው፤ ያስባርራል። ስድስተኛውን፣ የለየለት ዓይን አውጣነት የሆነውን ኹጽፓን ግን ከአቶ ሥልጠና ጀምሮ አስተካክሎ ሊጠራው የቻለ ስለጠፋ፣ በዚህ ቅርንጫፍ የሚፈጽመው ሰው እንደሌለ ታምኖ ለዋናው መሥሪያ ቤት ተተወ። መጨረሻ ላይ ኦዳሲቲ ነበር። በሱ ትይዩ፣ ቅጣት በሚለው ረድፍ ውስጥ፣ «እንደ ሁኔታው» ተብሎ ተጽፏል።

ማኅተም መቺዋ መመሪያውን ከማንም በላይ ያጠናችው ምክንያት ስለነበራት ነው። አሥራ አንድ ዓመት በጊዜያዊነት ሠርታለች። ጊዜያዊ ሆና ስትቀጠር ሆዷ ውስጥ የነበረች ልጇ አሁን ጫማዋን ታደርግባታለች። በዚህ ወር የቋሚነት ደብዳቤዋ ተጽፎ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ለፊርማው ያለው ቅድመ ሁኔታ ደግሞ አንድ ነው፦ በፋይሏ ውስጥ ከሦስተኛው ቃል በላይ እንዳይገኝ።

ሥራዋን ታውቀዋለች። ጠረጴዛዋ ላይ የቀለም ሳጥን፣ ክቡ ማኅተም፣ የቀን ማኅተም፣ በአራት ማዕዘን ውስጥ «ግልባጭ» የሚል ማኅተም አሉ። ያለ እሷ ማኅተም ከዚያ ቤት የሚወጣ ወረቀት ሁሉ የመጠቅለያ ወረቀት ነው። በተለይ አንቀጽ አሥራ አንድን ዓይኗን ጨፍና ትሠራበታለች፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እውነትም ጨፍና ነው። አንቀጹን ያወጡት ራሳቸው ዳይሬክተሩ ናቸው። ድሮ እሳቸውና ምክትላቸው አንድን ንግግር «የኔ ነው፣ የኔ ነው» እየተባባሉ ሲጣሉ ከርመው ነበርና እንዲህ ብለው ደነገጉ፦ አንድን ንግግር የሚጠቅሱ ሁለት ወረቀቶች ሲመጡ ቀኑ የቀደመው ዋና ነው፣ የዘገየው ግልባጭ ነው፤ ግልባጩም በዋናው ላይ የተወሰነውን ይከተላል።

ነገሩ የተፈጠረው ማክሰኞ ነው። «ሰዓት ማክበር የሠለጠነ ሠራተኛ መለያ ነው» የሚል ጨርቅ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሎ ስብሰባ ተጠራ። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተዘጋ። አራት ደቂቃ የዘገዩ ሁለት ሰዎች ስማቸው ተመዝግቦ ውጭ ቀሩ። ውስጥ ያሉት ደግሞ ስብሰባውን የሚከፍቱትን ዳይሬክተር መጠበቅ ጀመሩ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ውጭ የቀሩት ሁለቱ ቁርሳቸውን በልተው ተመልሰው በመስኮት ያዩዋቸው ነበር።

አምስት ከሩብ ላይ ዳይሬክተሩ ገቡ። ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሠራተኛውን አዩና፣ «እሺ። የዛሬው ስብሰባ ስለ ምንድነው?» አሉ።

ማኅተም መቺዋ ዳይሬክተሩ ሲጠይቁ ዝም ማለት ነውር ስለመሰላት ብቻ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «ስብሰባው ስለ ሰዓት ማክበር አይደል እንዴ?» አለች።

ግማሹ አዳራሽ ሳል ያዘው። አቶ ሥልጠና ብዕራቸውን አወጡ።

ማታ ቤት ስትገባ ልጇን አልጋው ላይ ተጋድማ እግሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ አገኘቻት።

«እማ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ የታጠበ ጨርቅ መስሏል።»

«ይሄ ሁለተኛው ነው» አለች እናት ቦርሳዋን እያስቀመጠች።

«ምኑ?»

«ያልሽው። አንገትሽን ሰብቀሽ ስለሆነ ሳስ ነው።»

ነገሩን ስትተርክላት ልጅቷ ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ጠየቁሽ፣ መለስሽ። እኛ ትምህርት ቤት ይሄ አሥር ከአሥር ነው።»

«ለዚህ ነው ከክፍል የሚያስወጡሽ።»

«እሺ፣ እነዚህን ሰባቱን ንገሪኝ።» እናት አንድ በአንድ ነገረቻት። ሰባተኛው ላይ ልጅቷ አቋረጠቻት። «እንደ ሁኔታው ማለት ምን ማለት ነው? ሁኔታው ማነው?»

«ማነው አይባልም፣ ምንድነው ነው የሚባለው።»

«እኔ ማነው ነው ያልኩት።» መልሳ ተጋደመች። «ለማንኛውም ሦስተኛው ላይ ቁሚ እማ። እንዳትወጪ፣ እንዳትወርጂ። በማያገባኝ ገብቼ ነው በያቸው።»

ጥፋቷን የሚመድበው ኮሚቴ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ተቀጠረና አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተሰየመ። አባላቱ ሦስት ናቸው፦ ሰብሳቢው አቶ ሥልጠና መዝገበ ቃላታቸውን አቅፈው፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ንብረት ማንኛውንም ነገር ሳይመዝኑ ስለማያስገቡ፣ እንዲሁም ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር በባለሙያነት።

«ከቺክ እንጀምር» አሉ ሰብሳቢው። «ስትናገሪ ፈገግ ብለሽ ነበር?»

«አላልኩም።»

«ዕድሜሽ?»

«አርባ ሦስት።»

ሰብሳቢው መምህሩን አዩ። መምህሩ መነጽራቸውን ጠረጉ። «ቺክ ብዙውን ጊዜ ለልጆች የሚባል ነው። በአርባ ሦስት ዓመት… ትንሽ ይከብዳል።»

«ቺክ ወድቋል» ብለው ጻፉ። «ሳስ። አንገቷ ተንቀሳቅሷል?»

ጋሼ ንብረት ከኪሳቸው ማስመሪያ አወጡ። «ያለ ልኬት አልፈርምም። እስቲ ድገሚው፣ እህቴ።»

«ልድገመው?»

«ለሥራ ነው።»

ማኅተም መቺዋ ተነሣች። «ስብሰባው ስለ ሰዓት ማክበር አይደል እንዴ?»

ጋሼ ንብረት ማስመሪያውን አገጯ ሥር ይዘው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሁለት ሚሊ ሜትር። ይሄ ትንፋሽ ነው፣ ሳስ አይደለም።»

«ለሁለተኛ ጊዜ መናገሯ ይመዝገብ» አሉ ሰብሳቢው።

«እናንተ ድገሚው ብላችሁኝ አይደል?»

«ይህም ይመዝገብ።»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አነጋገሩ ወሳኝ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ለስለስ ተደርጎ፣ ስብሰባው ስለ ሰዓት ማክበር አይደል እንዴ፣ ቢባል ጥያቄ ነው።»

«አይ፣ እሷ እንደዚያ አላለችም» አሉ ጋሼ ንብረት። «እሷ እንዲህ ነው ያለችው።» ብድግ አሉ፣ ቀበቷቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ የሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ድምፃቸው ውስጥ አጭቀው፣ «ስብሰባው! ስለ ሰዓት ማክበር! አይደል እንዴ!» አሉ።

ሦስቱም በሩን አዩ። አቶ ሥልጠና ተነሥተው ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኙና ተመለሱ። ቃለ ጉባኤው ላይ «አባሉ ለሙከራ ብለው» የሚል ተጨመረ። ጋሼ ንብረት ግን ቀኑን ሙሉ ፊታቸው በርቶ ዋለ።

ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደረስ ማኅተም መቺዋ እጇን አወጣች። «እሱ ነው የኔ። በማያገባኝ ገብቼ ነው። አጥፍቻለሁ።»

«ስብሰባው አይመለከትሽም ነበር?»

«በጭራሽ። ስብሰባውና እኔ አንተዋወቅም።»

ሰብሳቢው ደስ ብሏቸው የስብሰባውን ጥሪ አወጡ። «መቅረት በፍጹም አይቻልም፣ ጉዳዩ እያንዳንዱን ሠራተኛ ይመለከታል ይላል። ፈርመሽበታል። ስለዚህ ያገባሻል። በሚያገባሽ ገብተሽ ስለተናገርሽ ኢምፐርቲነንስ ሊሆን አይችልም፤ ከዚያ ይብሳል። ነርቭ?»

«ነርቭ ሳይፈሩ ነው» አሉ መምህሩ።

«ፈርተሽ ነበር?»

«አሁንም እየፈራሁ ነው።»

«ነርቭ የላትም» ተብሎ ተጻፈ። «እንግዲህ አምስተኛው ቀረ።»

መምህሩ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። «ሰባተኛውም አለ። ኦዳሲቲ። የሚያስመሰግንበት ጊዜ አለ፣ ድፍረት…»

«ሰባተኛው ላይ ቅጣት የለም» አሉ ሰብሳቢው።

«አዎ። ስለዚህ…»

«ቅጣት የሌለው ጥፋት ለጊዜያዊ ሠራተኛ አይሰጥም። ቋሚ ብትሆን እናስብበት ነበር።»

ኢንሶለንስ ተባለ። ውሳኔው በዚያው ረቡዕ ቀን ተጻፈ፤ በማግሥቱ ወጪ ሆኖ ማኅተም ይመታበታል ተባለ። ማኅተም የምትመታበት ማን እንደሆነች ኮሚቴው አላነሣውም።

ሐሙስ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር መጣ። ዳይሬክተሩ የማክሰኞው ስብሰባ በብልግና ምክንያት ግቡን ስላልመታ ሊደግሙት ወሰኑ። ለክብደቱም ከበላይ እንግዳ ጠሩ። የእንግዳው ማዕረግ በአንድ እስትንፋስ ስለማያልቅ ሠራተኛው ትልቁ ሰው እያለ ነው የሚጠራቸው። በሩ ሦስት ሰዓት ላይ ተዘጋ። ዳይሬክተሩ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ተኩል ላይ ደርሰው መግቢያው ላይ ቆሙ። አራት ሰዓት ላይ እዚያው ነበሩ። አምስት ሰዓት ላይ አንድ እግራቸውን እያሳረፉ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ወንበር አመጣላቸው፤ መቀመጥ ንቀት እንዳይመስል ተዉት።

ስድስት ከሃያ ላይ ትልቁ ሰው ገቡ። መድረኩ ላይ ወጡ፣ ጨርቁን ቀና ብለው አነበቡት፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ በሳቅ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ስብሰባው ስለ ሰዓት ማክበር አይደል እንዴ?» አሉ።

ጋሼ ንብረት እጃቸው ሳያውቁት ወደ ማስመሪያቸው ሄደ። ከዚያ አቶ ሥልጠና ተነሥተው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ዳይሬክተሩ ተከተሉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«እንዲህ ያለ ራስን መገምገም» አሉ ዳይሬክተሩ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «በዕድሜዬ አላየሁም።»

«ቃል አለው» አሉ አቶ ሥልጠና መዝገበ ቃላቱን ገልጠው። «ኦዳሲቲ ነው። ታላላቅ መሪዎች ብቻ ያላቸው ድፍረት። ሥልጠናው ላይ በስም ሰምተነው ነበር እንጂ በዓይናችን አላየነውም።»

ትልቁ ሰው በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓቱ ስለሄደ ስብሰባው ሳይካሄድ ቢቀርም፣ ጸሐፊዋ በፍጥነት የምስጋና የምስክር ወረቀት ተይባ አመጣችና ተሰጣቸው፤ ይዘውት ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ታዘዘ። ከዚያ ወረቀቱ ማኅተም እንዲመታበት ወደ ታች ተላከ። እግረ መንገዱን ያ የረቡዕ ውሳኔም አብሮ ወረደ።

ማኅተም መቺዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በአንዱ ላይ «ስብሰባው ስለ ሰዓት ማክበር አይደል እንዴ?» በማለቷ ከሥራ ተሰናብታለች ይላል። በሌላው ላይ «ስብሰባው ስለ ሰዓት ማክበር አይደል እንዴ?» በማለታቸው ከፍ ያለ ምስጋና ይገባቸዋል ይላል። ጸሐፊዋ ቸኩላ ስለነበር ጥቅሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ገልብጣው ነበር፤ የጥያቄ ምልክቷ እንኳ ቦታዋን አልለቀቀችም።

ማልቀስ ትችል ነበር። ግን ሥራ ሰዓት ነው፤ ደግሞ እንባ ቀለም ያደበዝዛል። ቀኖቹን አየች፣ እንደ ልማዷ። ረቡዕ። ሐሙስ። እጇ ራሱ ሄዶ አራት ማዕዘኑን ማኅተም አነሣ። «ሃ» ብላ ተነፈሰችበትና የትልቁን ሰው ምስክር ወረቀት፣ ልክ ስማቸው ሥር፣ መታችው። ግልባጭ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዳይሬክተሩ፣ አቶ ሥልጠናና ጋሼ ንብረት ጠረጴዛዋ ዙሪያ ቆመው ነበር።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ግልባጭ ነው፣ ክቡር ዳይሬክተር።»

«የትልቁን ሰው ኦዳሲቲ ግልባጭ ትይዋለሽ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ቀኑ ነው። የእኔ ረቡዕ ነው፣ የሳቸው ሐሙስ። አንቀጽ አሥራ አንድ፤ እርስዎ ነዎት ያወጡት።»

ዳይሬክተሩ ያወጡትን አንቀጽ ተጠየፉት፣ ግን ፊርማቸው ነበረበት። «ታዲያ ዋናው የታለ?»

ማኅተም መቺዋ የስንብት ወረቀቷን ወደሳቸው ገፋ አደረገችው። «እዚህ።»

አቶ ሥልጠና አንቀጹን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። «ግልባጩ… በዋናው ላይ የተወሰነውን ይከተላል።»

«ማለት ምን ማለት ነው?»

ጋሼ ንብረት ነገር ሲመዘን ደስ ይላቸዋል። «ማለት፣ እሷ ኢንሶለንስ ከሆነች ትልቁም ሰው ኢንሶለንስ ናቸው። እሷ ዛሬ ከተሰናበተች ትልቁም ሰው ዛሬ ተሰናብተዋል። ይፈርሙበታል?»

ዳይሬክተሩ ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ደበቁት።

«ምስክር ወረቀቱን እንቅደደው» አሉ።

«ፎቶ ተነሥተውበታል» አሉ አቶ ሥልጠና።

«የሷን እንቅደደዋ።»

«ዋናው ከተቀደደ ግልባጩ የምን ግልባጭ ይሆናል?»

ማኅተም መቺዋ የቀለም ሳጥኗን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ሥልጠናው ላይ» አሉ በመጨረሻ አቶ ሥልጠና፣ ላብ ግንባራቸውን አልፎ መነጽራቸው ላይ እየወረደ፣ «ቃሉን መለወጥ እንደሚቻል አይተናል። ዋናው ሰባተኛው ቢሆን…»

«እሷ ኦዳሲቲ ትሁን?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እሷ ካልሆነች ትልቁ ሰው አይሆኑም።»

«ስለዚህ እኔ ታላቅ መሪ ነኝ?» አለች ማኅተም መቺዋ። ስትጠይቅ ፈገግ ብላ ነበር፤ ጋሼ ንብረት አይተዋታል፣ ግን ማስመሪያቸውን አላወጡም።

«እንደ ሁኔታው» አሉ አቶ ሥልጠና።

ያንኑ ቀን ስንብቱ ተሰርዞ ኦዳሲቲ ተተካ። ታላቅ ድፍረት ያላትን ሠራተኛ ደግሞ በጊዜያዊነት ማቆየት ትልቁንም ሰው ጊዜያዊ ያደርጋል ተብሎ ስለተፈራ፣ የቋሚነት ደብዳቤዋ ተፈርሞ ወረደላት። ራሷ ማኅተም መታችበት። ቀስ ብላ፣ በሁለት እጇ ተጭና መታችው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የማንንም ሰው ወረቀት እንዲህ አድርጋ አልመታችም።

«ሁኔታው ማን እንደሆነ አወቅሁት» አለቻት ልጇን ማታ። «ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ዘግይቶ መጣ።»

መመሪያው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። አንድ ነገር ብቻ ነው የተለወጠው። ያ የትልቁ ሰው ፎቶ ከተሰቀለ ወዲህ በሰዓቱ የመጣ አለቃ ኦዳሲቲውን የሚያሳይበት አጋጣሚ ስለሌለው፣ የክፍል ኃላፊዎች ሳይቀሩ መዘግየት ጀመሩ። በወሩ ስለ ሰዓት ማክበር ሦስተኛው ስብሰባ ተጠራ። በሩ ሦስት ሰዓት ላይ ተዘጋ። ዳይሬክተሩ ስድስት ሰዓት ላይ ገቡ፣ ኮታቸውን ሰቀሉ፣ ጨርቁን ቀና ብለው አዩት፣ በመስተዋት ፊት የተለማመዱትን ሳቅ ሳቁና፣ «ስብሰባው ስለ ሰዓት ማክበር አይደል እንዴ?» ብለው ጭብጨባ ጠበቁ።

ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ አሁን ፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጠውን ቋሚዋን ማኅተም መቺ አየ።

እሷም ቃለ ጉባኤውን ከጸሐፊዋ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፣ ከቦርሳዋ አራት ማዕዘኑን ማኅተም አወጣችና ወደ አፏ አስጠግታ «ሃ» አለችበት።